እሳት ጠፋ ከማለታችሁ በፊት፦ አልነሳ ያለች የድሮ ላንድክሩዘር

መኪናዬ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት፤ ኤፍጄ40 የሚሏት አጭሯ፣ እ.ኤ.አ. የ1977 ሥሪት። ሞተሯ 2ኤፍ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቤንዚን፣ ካርቡሬተር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። የምወዳትም ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ የምታስለቅሰኝም ለዚሁ ነው። "እዚህ ጋ ነው የታመምኩት" የሚል መብራት ኳድሮዋ ላይ የለም። ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አልነሳ አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ካንዴላ ቀየርኩ። በሁለተኛው ቦቢና (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ሺዎች የሚያሳድገውን) ቀየርኩ፤ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለውን) ክዳንና ክዳኑ ሥር የሚዞረውን ሮተር፣ ከዚያ ገመዶቹን በሙሉ። በሦስተኛው ቀን የሚቀየር ነገር አለቀብኝ። ጥፋቱ የተገኘው ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ከጣት የማይረዝም ቀጭን ሽቦ ውስጥ ነው። ስለሱ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳልለካ አንድም ዕቃ አልገዛም። እዚህ የምጽፈው የምለካበትን መንገድ ነው። ቁጥሮቹ የኔዋ መኪና ናቸው። ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው የድሮ ቤንዚን መኪና ካላችሁ መንገዱ ያው ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ከመኪናችሁ ማኑዋል ውሰዱ። የናንተ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ እዚሁ እንሰነባበት። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በካንዴላ እሳት አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛው ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል ነው። ሁለተኛው ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር። ሦስተኛው ክፍተት የሚለካበት የብረት ቅጠል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብትሉኝ አምፖሉን ነው የምይዘው።

በእርግጥ የእሳት ችግር ነው?

ሞተር ለመነሳት ቤንዚን፣ አየር፣ ኮምፕሬሽንና እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱም በሰዓቱ መምጣት አለበት። ሞተሪኖው ደህና እያዞረ ሞተሩ ካልነሳ መጀመሪያ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ትንሽ ካዞራችሁ በኋላ ጭስ ማውጫው ጋ ሄዳችሁ አሽቱ። ጥሬ ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የሚያቀጣጥለው ነው የጠፋው። ምንም ካልሸተተ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱና ካርቡሬተሩ ውስጥ እያያችሁ ጋዙን በእጅ ሳቡ። ቤንዚን ፊጭ ማለት አለበት። ካላለ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ ቤንዚን ፓምፑ ሂዱ።

ሞተሪኖው ራሱ የማያዞር ከሆነ፣ ወይም "ቀጭ" ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ወሬው የባትሪ ነው። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው።

የባትሪውን እራስ ግን በዓይን ብቻ አትመኑት። ከላይ ንጹሕ መስሎ ከሥር በነጭ ዱቄት የተበላ ብዙ አይቻለሁ። ፍቱት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ መልሳችሁ እሰሩት። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ማሳ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ጥሩ አይደለም። ጭቃና ውሃ የለመደ መኪና ላይ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ማሳ ዝጎ መገኘቱ አይገርምም።

እሳቱን ዓይታችሁ እመኑ

ባትሪው ደህና ነው እንበል። አሁን እሳቱን እንየው። ከቦቢናው ተነስቶ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ከክዳኑ ንቀሉ። ጫፉን በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ያዙና ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቁት። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር።

በባዶ እጅ አትያዙት። ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው። ላይገድላችሁ ይችላል፤ ደንግጣችሁ ክንዳችሁን ከኮፈኑ ጋር ማላተማችሁ ግን አይቀርም። የልብ ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ጭራሽ አይጠጋው። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ባትሪው አጠገብም አትሞክሩ፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል።

ሰማያዊ ሆኖ "ጣ፣ ጣ፣ ጣ" እያለ በድምፅ የሚዘል እሳት ካያችሁ እስከ ቦቢናው ድረስ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ክዳን፣ ሮተር፣ ገመድ፣ ካንዴላ ወይም ታይሚንግ (እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት)። ቢጫ ሆኖ የቀጠነና ድምፅ የሌለው ከሆነ እሳቱ ደካማ ነው፤ ኮንደንሰሩን (ፑንቲናው ላይ እሳት እንዳይዘል የምትከለክለውን ትንሽ ዕቃ)፣ ፑንቲናውንና ቦቢናውን ተጠራጠሩ። ጭራሽ ከሌለ ወደ አምፖሉ እንሂድ። ይህቺ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ሥራውን ግማሽ ትቀንሳለች። እኔ በዚያ ሦስት ቀን ያላደረግኳት እሷን ነው። እሳት አለመኖሩን ሳላረጋግጥ ካንዴላ ስቀይር ዋልኩ።

አምፖሏ የምትናገረው

ቦቢናው ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚታሰሩበት ቦታ አለ፤ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጌቲቭ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ሞተሩ ብረት ላይ እሰሩ። ቁልፉን ክፈቱና ሌላውን ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ አስነኩ። መብራት አለበት። ካልበራ ከቁልፉ የሚመጣው መስመር ተቋርጧል፤ ፊውዙን፣ የቁልፉን ሶኬትና ሬዚስተሩን ተከተሉ።

ሬዚስተሩ ከቦቢናው ጎን የምትታሰር የሸክላ ቁራጭ የምትመስል ነገር ናት። ሥራዋ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ጉልበት መቀነስ ነው፤ ቦቢናው እንዳይግል። በምታስነሱበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ሽቦ እሷን ዘሎ ሙሉውን ለቦቢናው ይሰጣል። ስለዚህ መኪናው ቁልፉን እያዞራችሁ ተነስቶ ልክ ስትለቁት የሚጠፋ ከሆነ ብዙ አትድከሙ። ወይ ሬዚስተሯ ተቆርጣለች፣ ወይ ቁልፉ ውስጥ ያለው የመንጃ ኮንታክት ሞቷል። በተቃራኒው ቁልፉን ለቀቅ ስታደርጉ ብቻ "ቱፍ" ብሎ ሊነሳ የሚሞክር ከሆነ ያ ዘሎ የሚያልፈው ሽቦ ነው የተቋረጠው። ሬዚስተሯን በሽቦ ዘላችሁ እስከ ቤት መድረስ ይቻላል፤ በዚያው መቅረት ግን ቦቢናውንም ፑንቲናውንም ማቃጠል ነው።

ፖዘቲቩ ላይ ከበራ ጫፉን ወደ ኔጌቲቩ አዙሩና ሞተሪኖውን አሽከርክሩ። አምፖሏ ብልጭ ድርግም ማለት አለባት። ፑንቲናው ሲከፈት ትበራለች፤ ሲዘጋ ትጠፋለች። ብልጭ ድርግም እያለች እሳት ከሌለ ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ነው። ሳትጠፋ በርታ ከቀረች ፑንቲናው ማሳ እየነካ አይደለም። ጨርሶ ካልበራች ፑንቲናው ተዘግቶ ቀርቷል፤ ወይም አንዱ ሽቦ ሌላ ብረት ነክቷል። የቦቢናው ውስጥ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል።

የኔዋ በርታ ቀረች። ፑንቲናውን አጸዳሁ፤ በርታ ቀረች። አዲስ ፑንቲና ገጠምኩ፤ አሁንም በርታ ቀረች። ታናሽ ወንድሜ ቁልፉ ጋ ተቀምጦ "በቃ እንግፋት" ይለኛል። ያኔ ነው አምፖሏን ይዤ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ የገባሁት። ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ሽቦው የሚገባበት ብሎን አለ፤ እዚያ ስነካው በራ። ከዚያ በፑንቲናው ሁለት ጥርስ መሃል ቁራጭ እንጨት አስገብቼ እንዳይነካኩ አደረግኩና ተንቀሳቃሹን ክንድ ነካሁ። ጨለማ። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ሽቦ። ላስቲኳ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ ሁለቱም ጫፎቿ ጠብቀው ታስረዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሳደርጋት አምፖሏ ብልጭ አለችና መልሳ ጠፋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር በቫኪዩም እየተሳበ ትንሽ ይዞራል። ሽቦዋ አብራው ትታጠፋለች፤ ለዚያም ነው ከብዙ ክር የተሠራችው። ከዓመታት በኋላ ክሮቹ ላስቲኩ ውስጥ እንዳሉ ይበጠሳሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። ለስላሳ ባለ ብዙ ክር ሽቦ በእሷ ቦታ ቀየርኩ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ። ወንድሜ ሳቀብኝ። እኔ ኮፈኑ ላይ የደረደርኩትን አዲስ ዕቃ ቆጠርኩ።

ፑንቲናና ኮንደንሰር

ሰው ብዙ ጊዜ "ቦቢና ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ፑንቲናው አካባቢ ነው እላለሁ። ቦቢና ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ፑንቲና ግን በስድስት ሲሊንደር ሞተር ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይከፈታል። በደቂቃ 2000 ዙር ስትነዱ በየደቂቃው 6000 ጊዜ ማለት ነው። ያልቃል።

ክዳኑን አንሱ። የፑንቲናውን ጥርሶች በካቻቢቴ ለይታችሁ እዩአቸው። ግራጫ ከሆኑ ደህና ነው። ከጠቆሩና ከተቃጠሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ ከዚያ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሃላቸው አስገብታችሁ እየዘጋችሁ ሳቡ። ወረቀቱ እየጠቆረ ይወጣል። ሳይጠቁር እስኪወጣ ድረስ ድገሙት። አዲስ ፑንቲናም ላይ ይህን አድርጉ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ የተቀባ ዘይት ሊኖረው ይችላል።

ክፍተቱን ለመለካት የፑንቲናው ተረከዝ የካሙ (የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ባለ ጉብታ ክፍል) ጫፍ ላይ መውጣት አለበት፤ ማለትም ጥርሶቹ እስከ መጨረሻው የተከፈቱበት ቦታ። አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሜዳ ላይ መኪናውን ቀስ እያላችሁ ግፉ፤ ካሙ ይዞራል። የኔዋን 0.45 ሚሊ ሜትር ላይ አቆማታለሁ። ቅጠሉ ሲሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፤ ተጣብቆ መቅረትም የለበትም፣ መንሸራተትም የለበትም። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ይንሸራተታል። ከዚያ ካሙ ላይ የክብሪት እራስ የምታህል ግሪስ ቀቡ። ግሪስ ካልነካው ተረከዙ ቶሎ ያልቃል፤ ተረከዙ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ዘግይቶ ይመጣል። መኪናው ዳገት ላይ ሰነፈ የምትሉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግሪሱ ከበዛ ደግሞ ተረጭቶ ጥርሶቹን ያቆሽሻል።

ክዳኑ ክፍት እያለ የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ቡሹ አልቋል። እንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር ላይ ክፍተቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉ አይቆይም።

ኮንደንሰር ትንሽ ናት፤ ተንኮለኛ ናት። ሥራዋ ፑንቲናው ሲከፈት በጥርሶቹ መሃል እሳት እንዳይዘል ማድረግ ነው። ስትሞት እሳቱ ካንዴላው ላይ መዝለል ትቶ ፑንቲናው ላይ ይዘላል። ክዳኑን አንስታችሁ ጨለም ባለ ቦታ ፑንቲናውን በካቻቢቴ ክፈት ዝጋ አድርጉ። ነጥብ የምታህል ብልጭታ ያለ ነው። ደማቅ ሆኖ የሚንጣጣ ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይሩ። አንዱ ጥርስ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ከተሠራም የኮንደንሰሩ መጠን ከቦቢናው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ከማሸጊያው አዲስ አውጥቼ የገጠምኩት ኮንደንሰር ሁለት ሰዓት ሳይሠራ መንገድ ላይ ጥሎኝ ያውቃል። አዲስ መሆኑ ጥሩ መሆኑን አይነግራችሁም።

ሲሞቅ የሚጠፋ

ይሄኛው ሰውን ያሳብዳል። ጠዋት በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ትነዳላችሁ፣ ይቆራርጥና ቀጥ ይላል። ሃያ ደቂቃ ስታርፉ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ቦቢና ሲግል ውስጡ ያለው ሽቦ ይላቀቅና እንዲህ ያደርጋል። ግን ቤንዚን መስመሩ ውስጥ ሲፈላም እንዲሁ ያደርጋል። መለያው ቀላል ነው፦ ልክ እንደጠፋ፣ ሳይበርድ፣ የመሃሉን ገመድ ነቅላችሁ እሳት እዩ። እሳት ካለ ቦቢናውን አትንኩት።

ቦቢናን በቴስተር ስትለኩ ሽቦዎቹን ንቀሉና በሁለቱ ቀጫጭን እግሮች መካከል ለኩ። ሬዚስተር ላለው 1.5 ኦም አካባቢ፣ ሬዚስተር ለሌለው 3 ኦም አካባቢ ነው። ከፖዘቲቩ እስከ መሃሉ ቀዳዳ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 15 ሺህ ኦም መካከል ያሳያሉ። በርዶ ደህና ካሳየ በጋለበት ሰዓት ድገሙት። ሁለቱን ሽቦ ደግሞ አታለዋውጡ። ተገልብጦም ሞተሩ ይነሳል፤ እሳቱ ግን ይደክማል፤ ይህን ስህተት ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ይነዳል።

ክዳን፣ ገመድ፣ ካንዴላ

ወንዝ አቋርጣችሁ ወይም ዝናብ ውስጥ አድራችሁ ከሆነ የጠፋው፣ ክዳኑን ከፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ጥረጉ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ክዳኑን ወደ ብርሃን ያዙና በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ፈልጉ። እሳቱ የራሱን መንገድ የሠራበት ነው፤ ተፍቆ አይድንም፣ ክዳኑ ይቀየራል። መሃል ያለችው የካርቦን ቁልፍ መኖሯንም እዩ።

ሞተሩ ተነስቶ የሚቆራርጥ ከሆነ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት። ገመዱ ከሾለከ ሰማያዊ ብልጭታ ብረቱ ላይ ሲዘል ታያላችሁ። ያምራል። ገመዶቹን አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ሁሉንም በአንዴ ከነቀላችሁ ቅደም ተከተሉ ይጠፋባችኋል። የ2ኤፍ 1-5-3-6-2-4 ነው፤ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ይቆጠራል።

ካንዴላ ላይ ብዙ አልልም። ፈዛዛ ቡና ዓይነት መልክ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። በዘይት የራሰ ሞተሩ ዘይት እያሳለፈ ነው። ቤንዚን ሸቶ የረጠበ እሳት አላየም። የኔዋ ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ታይሚንግ

ሁሉም ተስተካክሎ ወደ ካርቡሬተሩ "ቡፍ" የሚል ከሆነ፣ ወይም ሲነሳ ሞተሪኖውን የሚመታው ከሆነ ታይሚንጉን እዩ። ፑንቲና ከነካችሁ በኋላም የግድ ነው፤ ክፍተቱ ሲቀየር እሱም ይቀየራል። 2ኤፍ ላይ ምልክቱ ከፊት ፑሌው ላይ አይደለም። ከሞተሩ ኋላ የቮላኖው (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቤት ላይ ትንሽ መስኮት አለች። ቮላኖው ላይ የተቀበረች የብረት ጥይት አለች፤ እሷ ፒስተኑ አናት ከመድረሱ 7 ዲግሪ በፊት ማለት ናት። አጠገቧ ያለው መስመር ደግሞ አናቱ ነው። እኔ ጥይቷ ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጌባታለሁ፤ ዝገትና ዘይት ሲሸፍናት አትታይም።

የታይሚንግ መብራት ከሌላችሁ አምፖሏ ትበቃለች። አንደኛው ሲሊንደር በኮምፕሬሽን ላይ እንዳለ፣ ሮተሩም ወደ አንደኛው ገመድ እያየ፣ ጥይቷን ጠቋሚው ጋ አምጡ። አምፖሏን ቦቢናው ኔጌቲቭ ላይ እሰሩ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አላሉ። መጀመሪያ አምፖሏ እስክትጠፋ ድረስ ሮተሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት። ከዚያ በተቃራኒው በጣም በዝግታ መልሱት። አምፖሏ ብልጭ ባለችበት ቅጽበት አቁሙና እሰሩ። ቁልፉን ከፍታችሁ ረጅም ጊዜ አትቆዩ፤ ቦቢናው ይግላል። ዲስትሪቢዩተሩን ግን አታውጡት፤ 2ኤፍ ላይ ከሥሩ የዘይት ፓምፑ ዘንግ የሚይዝበት ጥርስ አለ። በደንብ ሳይቀመጥ ሞተሩ ከተነሳ ያለ ዘይት ይዞራል።

ጓደኞቼ ፑንቲናውን ጥለው ኤሌክትሮኒክ ግጠም ይሉኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ ክፍተት አያስለካም። ሲሞት ግን መንገድ ዳር በካቻቢቴና በብርጭቆ ወረቀት አይድንም። ስለዚህ ወንበሬ ሥር አንድ ቆርቆሮ አለች። ውስጧ አምፖሏ፣ ፑንቲና፣ ክዳን፣ ሮተር፣ ለስላሳ ሽቦና ኮንደንሰር አለ። ኮንደንሰሩ አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ላይ ገጥሜ ብዙ መንገድ ነድቼበት መልሼ ያወጣሁት።